ቅርስ ማለት ተርፎ የቆመው ብቻ ነውን? የሮንዳ የከሰል ሸለቆ ጉዳይ

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ባለፈው ሴሚስተር በክፍላችን የተነሳ አንድ ጥያቄ ነው። እንደምታስታውሱት በቅርስ አያያዝ ኮርስ እያንዳንዳችን ከውጭ አገር በዕጣ በደረሰን የኢንዱስትሪ ቅርስ ላይ የምዝገባ ቅጽ ሞልተን እንድናቀርብ ታዘን ነበር። ለእኔ የደረሰኝ በደቡብ ዌልስ የሚገኘው የሮንዳ የድንጋይ ከሰል ሸለቆ ነው። እውነቱን ለመናገር ደስ አላለኝም። ሌላው ድልድይና የባቡር ጣቢያ ሲደርሰው እኔ ከሰል!

ቅጹን ለመሙላት አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። የቅርሱ ዓይነት፦ በጉድጓድ አፍ ላይ የቆሙ ባለ መዘውር የብረት ማማዎች። ቦታ፦ ትረሃቮድ። አገልግሎት ያቋረጡበት ዓመት፦ 1983። አሁን ያሉበት ሁኔታ፦ ጥሩ፣ ሙዚየም ሆነዋል። በቃ፣ አለቀ። ፎቶግራፉን አሳይቼ ልቀመጥ ስል ከኋላ ያለ አንድ ልጅ «ታዲያ ሰዎቹስ የት ሄዱ?» ብሎ ጠየቀኝ። ቅጹ ላይ እንዲህ የሚል ቦታ የለም። እኔም መልስ አልነበረኝም። ክፍሉ ሳቀ፤ ወደሚቀጥለው ተማሪ ታለፈ።

ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም። ከዚያ ወዲህ ስለ ሮንዳ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ቆይቻለሁ። የደረስኩበትን ሐሳብ ከመጀመሪያው ልናገርና አንባቢ ይፍረደኝ፦ በእኔ እምነት የሮንዳ ዋናው ቅርስ ማማው አይደለም። አንደኛው ቅርስ ሠራተኞቹ ከደሞዛቸው ሳንቲም እየቆረጡ ያቋቋሟቸው ተቋማት ናቸው። ሁለተኛው ደግሞ የማዕድኑ ሥራ ተራራው ላይ ጥሎት የሄደው የጥራጊ ክምር ነው። የመጀመሪያው አብዛኛው ተበትኗል። ሁለተኛው ዛሬም አለ፤ እንደ ቅርስ የሚያየው ግን ጥቂት ነው። የእኛ ቅጽ ሁለቱንም አይጠይቅም። (በጽሑፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቦታውን ለማያውቅ ባጭሩ ላስረዳ። ሮንዳ አንድ ሳይሆን ሁለት ሸለቆ ነው፤ አንዱ ትልቁ ሮንዳ፣ ሌላው ትንሹ ሮንዳ ይባላል። ፖርዝ የምትባል ከተማ ላይ ይገናኛሉ። በ1851 በዚህ አካባቢ የሚኖረው ሰው ከአንድ ሺህ አይበልጥም ነበር፤ በግ የሚያረቡ የዌልስ ቋንቋ ተናጋሪ ገበሬዎች። በ1855 ከላይኛው ሸለቆ ከትሬኸርበርት የተጫነ የእንፋሎት ከሰል በባቡር ካርዲፍ ወደብ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። በ1911 ሕዝቡ ከ150,000 በላይ ሆነ። በስድሳ ዓመት ውስጥ! ሸለቆው ጠባብ ስለሆነ ቤቶቹ እንደ ዶቃ ተሰክተው በተራራው ወገብ ላይ ረድፍ በረድፍ ተሠሩ። አንዱ መንደር አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር አይለይም ይባላል። ከዌልስ ገጠር፣ ከእንግሊዝ፣ ከአየርላንድ ሰው ጎረፈ።

ለምን ጎረፈ ቢባል፣ የሮንዳ ከሰል ጥሩ ሙቀት ያለውና ጭሱ ትንሽ የሆነ፣ ለመርከብ የሚመረጥ ከሰል ስለነበር ነው። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የሚፈልገው እሱን ነበር። በ1913 ደቡብ ዌልስ በጠቅላላው ወደ 57 ሚሊዮን ቶን አወጣ። እዚህ ላይ ለእኛ አገር አንባቢ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ደስ አይለኝም። የመርከብ ዘመን ማለት የከሰል ማራገፊያ ወደብ ዘመን ማለት ነው። የዌልስ ከሰል በኤደን ወደብ ተከምሮ በቀይ ባሕር የሚያልፈውን መርከብ ይጠብቅ ነበር። ሩባቲኖ የተባለው የጣሊያን መርከብ ኩባንያ በ1869፣ የስዊዝ ቦይ በተከፈተበት ዓመት፣ የአሰብን ባሕረ ሰላጤ የገዛው መርከቦቹ ከሰል የሚሞሉበት ጣቢያ ፈልጎ ነው፤ በ1882 ደግሞ የጣሊያን መንግሥት ተረከበው። ከዚያ የመጣውን ሁላችንም እናውቃለን። በ1935 ጣሊያን አገራችንን ስትወር የመንግሥታቱ ማኅበር ማዕቀብ ሲጥል ከማዕቀቡ ከቀሩት ዕቃዎች አንዱም የድንጋይ ከሰል ነበር። ስለዚህ «ከሰል ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?» ያለኝ ጓደኛዬ ታሪኩን እንደገና ያንብብ። ወደ ሸለቆው ልመለስ።

ከሰሉ እንዴት እንደሚወጣ ሳነብ መጀመሪያ የገረመኝ ክፍያው ነው። ቆፋሪው የሚከፈለው በቶን ነው። ጥሩ ንጣፍ ያለበት ቦታ ከደረሰው ይበላል፤ ድንጋይ የበዛበት፣ ውኃ የሚፈስበት ቦታ ከደረሰው ቀኑን ሙሉ ለፍቶ ባዶ እጁን ይወጣል። የ1910ሩ የቶኒፓንዲ ግጭት የተነሳው ከዚህ ነው። ኢላይ በተባለው ጉድጓድ 70 ሠራተኞች አዲስ ንጣፍ እንዲሞክሩ ተደረገ። ኩባንያው «ሆን ብላችሁ ነው የምትንቀራፈፉት» አላቸው፤ እነሱ ደግሞ ቦታው አስቸጋሪ ነው አሉ። መስከረም 1 ቀን ኩባንያው በሰባዎቹ ላይ ብቻ ሳይሆን በጉድጓዱ ሠራተኞች ሁሉ ላይ በሩን ዘጋ። ኅዳር ላይ 12,000 ያህል ሰው ሥራ አቁሞ ወጣ። ከፖሊስ ጋር ግጭት ተነሳ፤ ሱቆች ተሰባበሩ፤ አንድ ሠራተኛ በጭንቅላቱ ላይ በደረሰበት ጉዳት ሞተ። የዚያን ጊዜ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ዊንስተን ቸርችል ነበር፤ መጀመሪያ የለንደን ፖሊስ፣ ቀጥሎም ወታደር ወደ ሸለቆው ገባ። ለዓለም ጀግና የሆነው ሰውዬ በእነዚያ መንደሮች ስሙ ለብዙ አሥርት ዓመታት በጥሩ አልተነሳም። ሠራተኞቹ በ1911 ተሸንፈው ተመለሱ። ዝቅተኛ የደሞዝ መጠንን የሚመለከተው የማዕድን ሠራተኞች ሕግ ግን በ1912 ወጣ። ተሸንፈው ነው ያሸነፉት ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ሞቱን በተመለከተ ቁጥር መደርደር አልፈልግም፤ ቁጥር ሲበዛ ሰው ይደነዝዛል። ሁለት ብቻ ልጥቀስ። በ1867 ፈርንዴል ላይ ጋዝ ፈንድቶ 178 ሰው ሞተ። በ1913 ደግሞ ከሮንዳ በስተምሥራቅ በሚገኘው የሴንግሄኒዝ ጉድጓድ 439 ማዕድን ሠራተኞችና አንድ የነፍስ አድን ሠራተኛ ሞቱ፤ በእንግሊዝ የከሰል ታሪክ ትልቁ አደጋ ይኼ ነው። ሥራ አስኪያጁ ደንብ ተላልፏል ተብሎ የተቀጣው 24 ፓውንድ ነው። ይህን ያነበብኩ ዕለት መጽሐፉን ዘግቼ ወጣሁ።

ከፍንዳታው ሌላ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚገድል አለ፤ አቧራው። ሳንባ ውስጥ ይገባና ከዓመታት በኋላ ሰውዬው ደረጃ መውጣት ያቅተዋል። ዶክተር አርቺ ኮክራን ከ1950 ጀምሮ የትንሹን ሮንዳ ነዋሪ መንደር ለመንደር እየዞሩ ደረቱን በራጅ አስነሱ፤ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነው ሰው ቀረበላቸው። ዛሬ በሕክምና ትምህርት ቤት ስማቸው የሚጠራው እኚህ ሰው ትልቁን ትምህርታቸውን የተማሩት ከዚህ ሸለቆ ነው ማለት ይቻላል። ሕዝቡ ያን ያህል የመጣላቸው ለምን ይመስላችኋል? በእኔ ግምት አብሮ መሰለፍን የለመደ ሕዝብ ስለነበር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ።

እነዚህ ሰዎች ከደሞዛቸው ከእያንዳንዱ ፓውንድ አንድ ፔኒ ይቆርጡ ነበር። የዚያን ጊዜ አንድ ፓውንድ 240 ፔኒ ነው፤ ስለዚህ ብዙ አይመስልም። በዚህች ፔኒ ግን በትሪዮርኪ ከተማ የፓርክና የዴር ጉድጓዶች ሠራተኞች ቤተ መጻሕፍትና አዳራሽ ሠሩ። ሕንጻው ዛሬም ቲያትር ቤት ሆኖ ያገለግላል፤ ሲያዩት የሠራተኛ ሳይሆን የመኳንንት ቤት ይመስላል። እንዲህ ያለው ነገር በትሪዮርኪ ብቻ አልነበረም። በደቡብ ዌልስ የከሰል አካባቢ ከመቶ በላይ የሠራተኞች ቤተ መጻሕፍት ነበሩ። የሚገዛውን መጽሐፍ የሚመርጠው የሠራተኞቹ ኮሚቴ ነው። ልብ ወለድ፣ ኢኮኖሚክስ፣ ሥነ መለኮት፣ የፖለቲካ መጽሐፍ። በአሥራ ሦስት ዓመቱ ጉድጓድ የገባ ልጅ ማታ ታጥቦ እዚያ ይገባል።

አናይሪን ቤቫን እንዲህ ካሉት ልጆች አንዱ ነበር። የተወለደው በ1897 ከሮንዳ ወደ ምሥራቅ በምትገኘው በትሬዲገር ነው። የከተማዋ ሠራተኞች የሕክምና መረዳጃ ማኅበርም ነበራቸው። እንደ እኛ እድር በሉት፤ ልዩነቱ ለቀብር ሳይሆን ለመዳን መሆኑ ነው። ሠራተኛው በየሳምንቱ ከደሞዙ ያዋጣል፤ እሱም ቤተሰቡም ሲታመሙ ሐኪሙ በነጻ ያያቸዋል። ቤቫን የጤና ሚኒስትር ሆኖ በ1948 የእንግሊዝን ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ሲያቋቁም ይህን ዓይነት አሠራር ከልጅነቱ ያውቀው ነበር። እንግዲህ እስቲ ንገሩኝ፣ ከብረት ማማውና ከዚህ የትኛው ነው ለዓለም የተረፈው?

ሴቶቹስ? ቅጹ ላይ «አገልግሎት» የሚለው ቦታ ላይ እኔ «ከሰል ማውጣት» ብዬ ሞልቻለሁ። ከሰሉ የሚወጣው ግን በጉድጓድ ብቻ አልነበረም። ባልና ወንድ ልጆች ጥቁር ሆነው በየፈረቃው ይመጣሉ፤ እያንዳንዱ ሲመጣ ውኃ ተቀድቶ፣ እሳት ላይ ተጥዶ፣ በገንዳ ተገልብጦ፣ ሰው ታጥቦ፣ ገንዳው ይደፋል። ከዚያ ልብሱ አለ፤ የቤቱ አቧራ አለ። ይህ በቀን ሁለቴ ሦስቴ ነው። ኤልዛቤት አንድሩስ የተባሉት የሮንዳ ሴት በ1919 ስለ ከሰል ኢንዱስትሪ በተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ፊት ቀርበው የመሰከሩት ይህንኑ ነው፤ ከባድ የፈላ ውኃ ማንሳት ሴቶቹን እንዴት እንደሚጎዳ፣ ሕጻናት በፈላ ውኃ እንዴት እንደሚቃጠሉ። የጠየቁት በየጉድጓዱ በር ላይ መታጠቢያ ቤት እንዲሠራ ነው። ቀስ በቀስ ተሠራም። እኚህ ሴት በ1938 በዌልስ የመጀመሪያው የሕጻናት ማቆያ ትምህርት ቤት በሮንዳ እንዲከፈት ካደረጉት ውስጥም ናቸው። አንድ የጉድጓድ በር መታጠቢያ ቤት ለዐይን ምንም አይደለም፤ ሰድር የተለጠፈበት ተራ ቤት ነው። ቅጹን ይዤ ብሄድ አልፌው እሄዳለሁ። ከኋላው ያለውን ክርክር ካላወቅሁ ማለፌንም አላውቅም።

የትረሃቮድ ማማዎች ስም ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? አንዱ በርቲ፣ ሌላው ትሬቮር ይባላል። የማዕድኑ ባለቤት የሎርድ መርዘር ልጆች ስም ነው። እኔም ቅጹ ላይ በትጋት ጻፍኩት። የጉድጓዱን ስም ማጥፋት ይገባል አልልም፤ እሱም ታሪክ ነው። ነገር ግን ተርፎ የቆመውን ብቻ ስንመዘግብ ሳናውቀው የምንመዘግበው ስም ማስጻፍ ይችል የነበረውን ሰው ስም መሆኑን ልብ እንበል። ሙዚየሙንም ለመውቀስ አይደለም፤ እዚያ ጎብኚውን ለዓመታት ሲመሩ የኖሩት የቀድሞ ማዕድን ሠራተኞች ናቸው፤ ታሪኩን በራሳቸው አንደበት ይናገራሉ። ችግሩ እነሱ ሲያረጁ ነው። ብረቱ ይቀራል፤ አንደበቱ አይቀርም።

ቤተ መጻሕፍቱስ ምን ሆኑ? ማንም አልዘረፋቸውም። ጉድጓዱ ሲዘጋ ፔኒዋ ቆመች፤ በዚያ ላይ ቴሌቪዥን መጣ፤ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባሉት ዓመታት አንዱ ኮሚቴ መጽሐፉን ለነጋዴ ሸጠ፤ ሌላው ጣለው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ጥቂት የታሪክ ተመራማሪዎች በየመንደሩ እየዞሩ የቀረውን ሰበሰቡ፤ የሽማግሌዎችን ድምፅም በቴፕ ቀዱ። በ1973 በስዋንሲ የደቡብ ዌልስ ማዕድን ሠራተኞች ቤተ መጻሕፍት የተከፈተው በዚህ መንገድ ነው። አስቡት፤ እነዚያ ሰዎች አሥር ዓመት ዘግይተው ቢሆን ኖሮ የሚሰበስቡት ምን ነበር? በእኔ አስተያየት የትምህርት ክፍላችን አርአያ መሆን ያለባቸው እነሱ ናቸው። ቴፕ መቅረጫና ጋሪ ይዘው የሄዱት።

ፔኒዋ ግን ሙሉ በሙሉ አልሞተችም። በ1984 መጋቢት ጉድጓዶችን የመዝጋት ዕቅድ የቀሰቀሰው ትልቁ አድማ ሲጀመር በትንሹ ሮንዳ ጫፍ ያለችው ማርዲ ዓመቱን ሙሉ ጸናች። ጥንት ጀምሮ «ትንሿ ሞስኮ» የምትባል መንደር ናት፤ አይገርምም። ሴቶቹ ምግብ እየሰበሰቡ፣ እያከፋፈሉ መንደሩን አኖሩት። መጋቢት 5 ቀን 1985 ተሸንፈው ሲመለሱ በሙዚቃ ባንድ ታጅበው፣ ዓርማቸውን ይዘው በሰልፍ ነው የገቡት። ማርዲ በታኅሣሥ 1990 ተዘጋ፤ የሮንዳ የመጨረሻው ጉድጓድ እሱ ነበር። ከተራራው ማዶ ያለው የታወር ማዕድን ደግሞ በ1994 ሲዘጋ 239 ሠራተኞች እያንዳንዳቸው ከስንብት ገንዘባቸው 8,000 ፓውንድ አዋጥተው ገዙት። «አያዋጣም» የተባለውን ማዕድን ከ1995 እስከ 2008፣ የሚወጣው ከሰል እስኪያልቅ ድረስ ራሳቸው ሠሩበት። ከአንድ ፔኒ እስከ 8,000 ፓውንድ ያው አንድ ልማድ ነው።

ሁለተኛው ቅርስ ያልኩት ክምሩ ነው። ከሰል ሲወጣ ድንጋይና ጭቃ አብሮ ይወጣል። ሸለቆው ጠባብ ነውና የሚጣልበት ቦታ የለም፤ ስለዚህ ከመንደሩ በላይ ተራራው ላይ ይከመራል። ጥቅምት 21 ቀን 1966 ዓርብ ጠዋት፣ በታፍ ሸለቆ ባለችው በአበርቫን እንዲህ ያለ ክምር ተንዶ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤትና አጠገቡ ያሉትን ቤቶች ዋጠ። 144 ሰው ሞተ፤ 116ቱ ሕጻናት ናቸው። ክምሩ የተከመረው ምንጭ ላይ ነበር። አጣሪው ችሎት ጥፋቱ የብሔራዊ የከሰል ቦርዱ ነው ብሎ በግልጽ ፈረደ። ነገር ግን አንድም ሰው አልተከሰሰም፤ ከሥራውም የተባረረ የለም።

ይህም አልበቃ ብሎ፣ ከመንደሩ በላይ የቀሩት ክምሮች እንዲነሱ ቤተሰቦቹ ሲጠይቁ፣ ዓለም ለሟቾቹ ቤተሰቦች ካዋጣው የእርዳታ ገንዘብ 150,000 ፓውንድ ለማንሻ እንዲከፈል ተደረገ። ይህ በ1968 ነው። የሞቱት ልጆች እርዳታ የገደላቸውን ክምር ለማንሳት! ገንዘቡ የተመለሰው በ1997 ነው፤ ያውም ያለ ወለድ። በ2007 የዌልስ መንግሥት ለመታሰቢያው ድርጅት 1.5 ሚሊዮን ፓውንድ ሲሰጥ ነው ነገሩ ትንሽ የተስተካከለው።

ይህን ለጓደኛዬ ስነግረው «እንዴ! ታዲያ ልጆች የገደለን ክምር ቅርስ ልትል ነው?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ብዙም አስቤበታለሁ። የሸለቆው ሰው ራሱ ከአበርቫን በኋላ የፈለገው ክምሩ ከዐይኑ እንዲጠፋ ነው። ብዙው ተደለደለ፤ ሣር ተዘራበት፤ ዛፍ ተተከለ። ዛሬ የሮንዳን ፎቶግራፍ የሚያይ ሰው አረንጓዴ ተራራና በግ ነው የሚያየው። ልጁን ያጣን ወላጅ «ክምሩን ለቱሪስት አቆየው» የምል ሰው አይደለሁም፤ ማንም የማለት መብት የለውም። መመዝገብና ማቆየት ግን አንድ አይደሉም። መመዝገብ ማለት የማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደተጎዳበት፣ ዕዳው በማን ላይ እንዳለ መጻፍ ነው። ሣር መዝራት ይህን አይተካም።

እንዳይተካ ያሳየው ደግሞ የካቲት 2020 ነው። ዴኒስ የተባለው ዐውሎ ነፋስ ከባድ ዝናብ ሲያወርድ በትንሹ ሮንዳ በታይለርስታውን አንድ አሮጌ ክምር ተንዶ 60,000 ቶን ያህል አፈር ወደ ሸለቆው ወረደ። እግዚአብሔር ይመስገን የሞተ ሰው የለም። ከዚያ በኋላ ነው በዌልስ ስንት አሮጌ ክምር እንዳለ መቁጠር በደንብ የተጀመረው። ከ2,500 በላይ ሆኖ ተገኘ፤ ከ300 በላይ የሚሆኑት የቅርብ ክትትል የሚያስፈልጋቸው ናቸው። የእነዚህ ቦታ ለሕዝብ ይፋ የሆነው በ2023 ነው። ወጪውን ማን ይክፈል በሚለው ለንደንና ካርዲፍ ለዓመታት ተከራከሩ፤ በ2025 ለንደን 118 ሚሊዮን ፓውንድ ልትሰጥ ተስማማች፤ በዚያው ዓመት የዌልስ ፓርላማ ስለ አሮጌ ክምሮች አዲስ ሕግ አወጣ። ማዕድኑ ከተዘጋ ከሠላሳ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ የሸለቆውን ትልቁን ተራፊ ነገር የመዘገቡት መሐንዲሶች እንጂ የእኛ ሙያ ሰዎች አይደሉም። እነሱ የጻፉት የአፈሩን መጠንና የውኃውን መንገድ ነው፤ ሥራቸው ነውና አይወቀሱም። የሰውየውን ታሪክ ግን ማን ይጻፈው? በነገራችን ላይ የማይቻል ነገር አይደለም። በምሥራቅ በኩል ያለችው ብላይናቮን በ2000 በዓለም ቅርስ መዝገብ ስትገባ የተመዘገበው ጉድጓዱ ብቻ አልነበረም፤ መልክዓ ምድሩ በሙሉ፣ የሠራተኞቹ አዳራሽም፣ ጥራጊው የተጣለበት ኮረብታም አብሮ ነው።

አንዳንድ መምህራኖቻችን «ቅጹ ከላይ የመጣ ነው፤ መስመር መጨመር አንችልም» ይላሉ። እሺ፣ አንጨምር። ጀርባው ግን ባዶ ነው። እዚያ ላይ ማን ገንዘብ እንዳዋጣበት፣ ማን እንደተጎዳበት፣ ምን ዕዳ ጥሎ እንደሄደ በእጅ ብንጽፍ የሚከለክለን የለም። ነጥብ ባይሰጥበት እንኳን ይጻፍ። ነገ ከነገ ወዲያ ተመርቀን በየወረዳው ቅጽ ይዘን የምንሄደው እኛ ነን፤ የለመድነውን ነው የምንሞላው።

እኔ የሮንዳን ቅጽ እንደገና ሞልቻለሁ። ፊቱ ያው እንደበፊቱ ነው፤ በርቲና ትሬቮርም አሉበት። ጀርባው ሁለት ገጽ ተጨምሮበት እንኳን አልበቃም። ያ ልጅ ለጠየቀኝ ጥያቄም መልስ አግኝቻለሁ፤ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ሥራ ሲጠፋ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩት ወደ እንግሊዝ የመኪና ፋብሪካዎች፣ ወደ ኦክስፎርድ፣ ወደ ኮቨንትሪ፣ ወደ ስላው ተሰደዱ። ዛሬ በሮንዳ የሚኖረው ሰው በ1921 ከነበረው ከግማሽ በታች ነው። የቀሩት ግን እዚያው ከክምሩ በታች ናቸው፤ ዝናብ ሲበዛ ወደ ላይ ያያሉ። ቅጹን ማየት የሚፈልግ ካለ በትምህርት ክፍሉ ጽሕፈት ቤት ትቼዋለሁ።